የፊት ፍሬን ሸራ አንዱ ቀድሞ አለቀ፣ ጩኸቱም አልጠፋም

ደጀን150

ሰላም ባለሙያዎች። ሞተር ሳይክሌ 150 ሲሲ ነው፤ ፊቱ ዲስክ፣ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሁለቱም ፒስቶኖች በአንድ ወገን ያሉበት ተንሸራታች ዓይነት። ሸራዎቹን ሳወጣቸው በፒስቶኖቹ በኩል ያለው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀርቶታል፣ የማዶው ግን 3.5 አለው። ያለቀውም ቢሆን እኩል አላለቀም፤ ከላይ ወፍራም፣ ከታች ስስ ነው። ፍሬኑን በቀስታ ስይዝ ሲጥ የሚል ቀጭን ጩኸት አለ፣ ጠበቅ ሳደርገው ይጠፋል። የምነዳው አብዛኛውን ጊዜ የጎሃ ጽዮንን ቁልቁለት ወደ ዓባይ ድልድይ ነው። የጠየቅኳቸው ሁሉ «ሸራ ቀይር» ነው የሚሉኝ። ከመቀየሬ በፊት ምን ልፈትሽ?

ካሊብሮ

አሮጌውን ሸራ እንዳትጥለው፤ የቱ ጋ እንደያዘ የሚነግርህ እሱ ነው። የያዘው ነገር ሳይላቀቅ አዲስ ብትገጥም እሱም በዚያው ቅርጽ ያልቃል።

የጻፍካቸው ምልክቶች ሁለት ናቸው፣ ምክንያታቸውም ይለያያል።

የአንዱ ወገን ሸራ ቀድሞ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መንሸራተቻው ነው። በዚህ ዓይነት ፍሬን ፒስቶኖቹ የራሳቸውን ወገን ሸራ ዲስኩ ላይ ይጫናሉ፤ ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የማዶውን ሸራ ስቦ ያመጣል። ፒኖቹ ከዛጉ ወይም ግራሶው ከደረቀ የማዶው ሸራ ሥራ ይፈታል፣ ጭነቱ ሁሉ ባንዱ ላይ ይወድቃል። ሸራዎቹን አውጥተህ ካሊፐሩን በማቀፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ግፋው። በሁለት ጣት መሄድ አለበት። ጉልበት ከጠየቀ ወይም እየተንገጫገጨ ከሄደ አንዱን ችግር አገኘኸው ማለት ነው።

ከላይ ወፍራም፣ ከታች ስስ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው። ዲስኩ የሚገባበት ጫፍ በጥቂቱ ቀድሞ ቢያልቅ የተለመደ ነው፤ በዓይን ጎልቶ ከታየ ግን ከሁለቱ ፒስቶኖች አንዱ እየያዘ ነው። ባንተ ሁኔታ የላይኛው በደንብ የማይወጣ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ካሊፐሩን ፍታ (ቱቦውን አትንካው)፣ ቀጭን ጣውላ በፒስቶኖቹ ፊት አስገባና የፍሬን ማንሻውን አንዴ ሁለቴ በቀስታ ጫን። ሁለቱም እኩል 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከወጡ ጤነኞች ናቸው። አንዱ ብቻ ከወጣ እሱን በጣውላ አግደህ ሌላውን በማንሻው ግፊት አስወጣው። ጨርሶ እንዳይወጣ ግን ተጠንቀቅ፤ ዘይቱ ይፈሳል፣ አየር ይገባል፣ ሥራህም ይበዛል።

ፒስቶን ሳይጸዳ ወደ ውስጥ መመለስ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጎኑ ላይ የደረቀው ጭቃ ጎሚኒውን (ፒስቶኑን ዙሪያውን ይዞ ዘይት የሚያግደውን ጎማ) ይፍቀዋል፣ ቆይቶም ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። በሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን እጠበው፣ አድርቀው፣ አዲስ የፍሬን ዘይት በስሱ ቀባውና በአውራ ጣትህ መልሰው። በብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አትፈግፍገው፤ ላዩ ላይ ያለው ንጣፍ ከተጫረ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ስትመልሰው በፖምፓው (ማንሻው ጋ ያለው፣ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ያለው ዘይት ከፍ ስለሚል ክዳኑን አስቀድመህ ክፈትና ከሞላ ቀንስ። ሰርባቶዮ (የቤንዚን ታንከር) ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠበው፣ ቀለም ይልጣል።

ሞላና ሮንደላ

በካሊብሮ እስማማለሁ። የምጨምረው ስለ ግራሶው ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ካሊፐር ሲበላሽ ይታያል። ለኩሽኔታ የሚሆነውን ተራ ግራሶ ፒኑ ላይ አታድርግ። የማዕድን ዘይት ስላለበት የፒኑን ጎማ ያብጠዋል፣ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒኑን አንቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጥገናው ራሱ ችግሩን ይመልሰዋል። የሲሊኮን ግራሶ ነው የሚያስፈልገው። ፒኑን አውጥተህ አጽዳው፣ በዝገት የተቦረቦረ ከሆነ ቀይረው፣ ደህና ከሆነ ስስ አድርገህ ቀባው። ጉድጓዱን በግራሶ መሙላት ጥሩ አይደለም፤ የታፈነው አየር ፒኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ሌላው፣ ጎማውን አንስተህ በእጅ አሽከርክረው። ፍሬኑን ይዘህ ስትለቀው ከከበደ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ላላ አድርግ። ያን ጊዜ ጎማው ነፃ ከሆነ ዘይቱ ታፍኗል፤ በፖምፓው ውስጥ ያለችው የመመለሻ ቀዳዳ ተደፍናለች ወይም ቱቦው ከውስጥ አብጧል። አሁንም ከከበደ ግን ችግሩ እዚያው ካሊፐሩ ላይ ነው።

ቁልቁለት

ስለ ጩኸቱ። በቀስታ ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ የሸራው መንቀጥቀጥ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ያለው ሻካራ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ጠበቅ ስታደርገው ይብስ ነበር፤ ያ ከመጣ ሞተሩን አቁም።

የዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በቀስታ ይዞ ለረጅም ጊዜ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፤ ላዩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ይደርቃል፣ ይጮሃል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ በሞተሩ ጉልበት ውረድ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው፣ እስኪበርድ ጊዜ ስጠው።

የማዶውን 3.5 ሚሊ ሜትር ሸራ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተህ ብትፈገፍገው ማብረቅረቁ ይጠፋል። ዲስኩ የሚገባበትንና የሚወጣበትን የሸራውን ጠርዝ ሹልነት ደግሞ በሞረድ ጥቂት ቀንሰው። አቧራውን በአየር አትንፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ላቫጆ ላይ ከስር ናፍጣ ተረጭቶ ከሆነ ግን ሸራው መጥጦታል፣ ጣለው። ዘይት የጠጣ ሸራ በመፈግፈግም በቤንዚንም አይድንም።

ካሊብሮ

ቁልቁለት፣ የጩኸቱን ምክንያት በትክክል ነግረኸዋል። መፈግፈጉ ላይ ግን አልስማማም። ከሁለቱ አንዱ 1 ሚሊ ሜትር ላይ ከደረሰ ሁለቱም አብረው መቀየር አለባቸው፤ የማዶውን አድኖ ከአዲስ ጋር ማጣመር ያለመመጣጠኑን ያስቀጥለዋል። መፈግፈግ የሚጠቅመው ሁለቱም ወፍራም ሆነው ላያቸው ብቻ ሲያብረቀርቅ ነው።

ደጀን150

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈትሼዋለሁ። ማንሻውን ስጫን የታችኛው ፒስቶን ብቻ ነው የሚወጣው፣ የላይኛው ንቅንቅ አላለም። ከፒኖቹ አንዱ ደርቋል፣ ግን አልተቦረቦረም። ጎማው ፍሬን ስለቅ በነፃ ይሽከረከራል። ሸራዎቹ ጀርባ ላይ ምንም ቅጠል ብረት የለም፤ መኖር ነበረበት እንዴ?

ሞላና ሮንደላ

በብዙ ሞተር አለ፣ ሸራ ሲቀየር ይጣላል፤ ለጩኸትህም አንዱ ምክንያት ይሄው ሊሆን ይችላል። ሸራውን ከፒስቶኑ የሚለየው ስስ ቅጠል መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለችው የሸራ ሞላም እንዲሁ። የሚገዛው ሸራ ከሁለቱም ጋር የሚመጣ መሆኑን አይተህ ውሰድ። የሸራው ብረት ጆሮ የሚሄድባቸውን መስመሮችም በሽቦ ብሩሽ ከዝገት አጽዳ።

ካሊብሮ

እንግዲህ በቅደም ተከተል ሂድ። የታችኛውን አግደህ የላይኛውን በማንሻው ግፊት አስወጣው፣ አጽዳው፣ መልሰው፣ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው። እንደገና ካንገራገረ ጎሚኒው ደርቋል። ይህ ጎሚኒ ፒስቶኑ ሲወጣ ይጣመማል፣ ማንሻው ሲለቀቅ ፒስቶኑን የሚመልሰውም እሱ ነው፤ ስለዚህ ከደረቀ በማጽዳት አይመለስም። የሁለቱንም ፒስቶን ጎሚኒና የአቧራ መከላከያ ባንዴ ቀይር።

ዲስኩን ሳትለካ አትግጠም። ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያው) ዝም ብለህ ብትለካ ጠርዙ ላይ የቀረው ከንፈር ያሳስትሃል፤ በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ሳንቲም አስደግፈህ ለካና የሳንቲሞቹን ውፍረት ቀንስ።

ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ቀይረው። ውኃ ከአየር ይጠጣል፣ ፒስቶንህን ያዛገውም ያ ሊሆን ይችላል። የፖምፓው ክዳን ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ካለ ዶት 4 ግዛ፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ አይቀላቀልም። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ወሰኑ ወደ 155 ይወርዳል፤ ለዓባይ ቁልቁለት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ገጥመህ ስትጨርስ ከመንቀሳቀስህ በፊት ማንሻው እስኪጠነክር ደጋግመህ ጫን። ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሃያ ጊዜ ያህል ፍጥነት ቀንስ፤ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም፣ በየመሃሉም እያበረድክ። ቁልቁለቱን ከዚህ በፊት አትሞክረው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ፍታና ሁለቱንም ሸራ ከላይም ከታችም ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካለፈ የላይኛው ፒስቶን ገና አልዳነም።