ሾኩ ባረፈበት ቦታ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቅብኛል፤ ብሊድ ይሻላል ወይስ ቮርቴክስ ጄኔሬተር?

ቤዛ_ሜካኒካል
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ላይ ተይዣለሁ። ለማክ 2 (የድምፅን ፍጥነት ሁለት እጥፍ) የሚሆን የአውሮፕላን ሞተር አየር ማስገቢያ በሲሙሌሽን እየሠራሁ ነው። ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ነው፤ ፊቱ ላይ አንድ የ10 ዲግሪ ራምፕ (ተዳፋት) አለ፣ ከዚያ አፉ ላይ ቀጥ ያለው ሾክ፣ አየሩ በድንገት የሚታመቅበት ቀጭን ግንብ ማለት ነው፣ ይቆማል። ችግሩ ሾኩ ራምፑን የሚነካበት ቦታ ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ ቀስ እያለ የሚሄደው ቀጭን የአየር ንጣፍ፣ ባውንደሪ ሌየሩ ማለቴ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ይላቀቅና ወደ ኋላ ይዞራል። የተላቀቀው አየር የሠራው እብጠት የመተላለፊያውን ሩብ ያህል ይዞታል። አማካሪዬ ብሊድ አድርጊበት (ንጣፉን በክፍተት ወደ ውጭ አውጪው) አሉኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ትንንሽ ቮርቴክስ ጄኔሬተር (አየሩን የሚጠመዝዙ ጉጦች) ደርድሪበት ይላል። የቱን ልያዝ? የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው።

ሳሚ_ፍሰት
ሁለቱንም ከመንካትሽ በፊት የሾክሽን ጉልበት እዪ። የ10 ዲግሪ ራምፕ ማክ 2ን ወደ 1.64 ብቻ ነው የሚያወርደው። እዚያ ላይ ቀጥ ያለ ሾክ ስታቆሚ ግፊቱ በአንዴ ሦስት እጥፍ ይሆናል። መሀል ላይ ያለው አየር ፍጥነት ስላለው ያልፈዋል፣ ግድግዳው ሥር ያለው ግን አቅሙን ጨርሷል፣ ያንን ዳገት ከየት አምጥቶ ይወጣዋል? ተርቡለንት (የሚናወጥ) ንጣፍ እስከ ማክ 1.3 አካባቢ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ይለቃል።

ሌላ 10 ዲግሪ ራምፕ ጨምሪበት። ማኩ ወደ 1.29 ይወርዳል። ሰበቃውን ትተን በቀመር ብቻ ስናሰላው ከመጀመሪያው የሚተርፈው ጠቅላላ ግፊት ከ87 ወደ 95 በመቶ ይወጣል። በነፃ አይደለም፤ አየሩን 20 ዲግሪ ስላዞርሽው የማስገቢያው የታችኛው ከንፈር አብሮ ማዘንበል አለበት፣ ድራግ (ወደ ኋላ የሚጎትት የአየር ተቃውሞ) ይመጣል። የመንገደኞች አውሮፕላኑ ኮንኮርድም መጀመሪያ ያደረገው ይህንን ነው፣ በሚንቀሳቀሱ ራምፖች ሾኩን ከፋፈለው፤ ከዚያ በፊተኛውና በኋለኛው ራምፕ መሀል በተተወው ክፍተት ንጣፉን አወጣው። ማክ 2 እየበረረ ሞተሩ ፊት አየሩ ማክ 0.5 አካባቢ ይደርስ ነበር።

የደብረዘይት_ቴክኒሻን
ልጄ፣ እኔ ስለ ሲሙሌሽን አላውቅም፣ ሚግ 21 ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ግን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አፍንጫው ላይ ያለውን ኮን አይተሽ ከሆነ ፍጥነት ሲጨምር ወደ ፊት ይወጣል። ማኩ ሲያድግ ሾኩ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ኮኑ ባይወጣ ሾኩ ከንፈሩን አልፎ ውስጥ ይገባል። ይህን የምነግርሽ ለአንድ ፍጥነት ብቻ አስተካክለሽ እንዳትረኪ ነው። አውሮፕላኑ ማክ 2 ለመድረስ 1.5ንም ያልፋል።

ሄኖክ_ቲ
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። የአሜሪካው የስለላ አውሮፕላን ኤስአር 71 ደግሞ በተቃራኒው ነበር፤ ከማክ 1.6 በኋላ ሾጣጣው ወደ ኋላ ይገባል፣ በጠቅላላው 66 ሴንቲሜትር ያህል። ምክንያቱም እዚያ የመጨረሻው ሾክ የሚቆመው ውስጥ፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። ሾጣጣው ላይ የተቦረቦረ ቀበቶ አለ፣ ንጣፉን የሚመጥጠው እሱ ነው። ሾኩ ቦታውን ስቶ ወደ ውጭ ሲተፋ አንስታርት ይሉታል፤ አንደኛው ሞተር ግፊቱን በድንገት ሲያጣ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ይወረወርና የአብራሪው ሄልሜት ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ብሊድ አስተማማኝ ነው፤ የደከመውን አየር ከነጭራሹ ታወጪዋለሽ። ግን ያ አየር በድራግ የተከፈለበት ነው፣ ቱቦውም ክብደት አለው። ቮርቴክስ ጄኔሬተር ምንም አያወጣም፤ ከላይ ያለውን ፈጣን አየር ወደ ግድግዳው ይጎትታል። ቁመቱ ከንጣፉ ውፍረት ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። እብጠቱን ግን ይሰነጣጥቀዋል እንጂ ሁልጊዜ አያጠፋውም፣ ስለዚህ በ1.64 ሾክ ላይ እሱን ብቻ አልተማመንም።

ደግሞ ዋናው ነገር፦ የቮርቴክስ ጄኔሬተር ሥራ አየሩን በጎን መጠምዘዝ ነው። ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ሲሙሌሽን ውስጥ ጎን የሚባል የለም! ብትሞክሪው የምታዪው የጉብታ ውጤት ነው።

ቤዛ_ሜካኒካል
ይህን ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት አላቃጥልም ነበር። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁለተኛውን ራምፕ ጨመርኩ። እብጠቱ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ቀርቷል። አሁን ከሾኩ ትንሽ ቀደም ብዬ አንድ የብሊድ ክፍተት ልከፍትበት ነው፣ በ1.5ም እሞክረዋለሁ።

ሄኖክ_ቲ
ክፍተቱን ሾኩ ሥር አድርጊው፣ ግፊቱ ከፍ ያለው እዚያ ስለሆነ በራሱ ይወጣል። ጊዜ ከተረፈሽ አንድ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ሩጫ አድርጊና ማዕዘኖቹን እዪ፣ የጎኑ ግድግዳና ራምፑ የሚገናኙበትን። ሁለት ንጣፎች እዚያ ስለሚደራረቡ ቀድሞ የሚላቀቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።