ክርክር፦ አዋላጅ ነርስ ኦፕሬሽን ትሥራ ወይስ አትሥራ?

አዋላጅ ነርስ፣ ምሥራቅ ጎጃም፦ ሐኪም በጠፋበት ወረዳ፣ ልምድ ያላት አዋላጅ በደንብ ሠልጥና በኦፕሬሽን ብታዋልድ ምን ይላችኋል? እኔ ትሥራ ባይ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት መጣች። የማኅፀኗ በር መከፈቱን አቁሟል። ፌቶስኮፑን ሆዷ ላይ አስደግፌ የልጁን የልብ ምት ስቆጥር በደቂቃ 90 ሆነብኝ። ቢያንስ 110 መሆን ነበረበት። ሪፈር ጻፍኩ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። እሷ እጄን ጨብጣ «ማርያም ማርያም» ትላለች፣ እኔ በሌላው እጄ ስልክ እደውላለሁ። እናትየዋ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ምን መደረግ እንዳለበት አውቅ ነበር። ግን አልተማርኩትም፣ አልተፈቀደልኝምም።

ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦ እህቴ፣ ሐዘንሽ ይሰማኛል። ግን ሆድ መክፈቱ ቀላሉ ነው። ማኅፀን አልኮማተር ብሎ ደም ሲዥጎደጎድስ? የሽንት ፊኛ ሲቀደድስ? ጤና ጣቢያ ላይ ማደንዘዣ ማን ይሰጣል? ደም ከየት ይመጣል? እነዚህ ሳይሟሉ ቢላ ማንሳት እናቲቱንም ማጣት ነው።

መምህር፣ ሞጣ፦ ዶክተር፣ ነገሩ እኮ አዲስ አይደለም። ሞዛምቢክ በፈረንጆቹ 1984 ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን ለቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀምራለች። ላይቤሪያ ደግሞ ከ2013 ወዲህ አዋላጆችን ራሳቸውን አሠልጥናለች። እኛም አገር በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተምረዋል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ወላድ ስታይ የምትውለው አዋላጅ ለምን ትቀራለች?

አባት፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፦ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ሚስቴን በቃሬዛ አምስት ሆነን ተሸክመን ወርደናል። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አስፋልት ስንደርስ ነጠላዋ በደም ርሶ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ተርፋለች። ማንም ይሥራው፣ ብቻ ቅርብ ይሁንልን።

ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦ አባቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላይ ከሆነ፣ ማደንዘዣ ሰጪና ደም ካለ፣ እኔም አልቃወምም። የአጭር ጊዜ ኮርስ ከሆነ ግን በፍጹም።

አዋላጅ ነርስ፣ ምሥራቅ ጎጃም፦ እኔም ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራ አላልኩም፣ ዶክተር። ዓመታት ይፍጅ፣ ከእናንተ ሥር ሆነን እንማር፣ ፈተናውንም እናንተው ፈትኑን። ማደንዘዣ ሰጪውም አብሮን ይሠልጥን፤ እሱ ከሌለ እኔ ብቻዬን ምንም ነኝ። ፈቃዱም በሕግ ይጻፍልን። አለበለዚያ አንድ ነገር ቢፈጠር የምትጠየቀው ያቺ አዋላጅ ብቻ ናት። ደግሞ ስንመረቅ ደመወዛችንና ዕድገታችን ይታሰብበት፤ ካልሆነ የሠለጠነው ሁሉ ወረዳውን ጥሎ ከተማ ይገባል። ሥልጠናው ነገ ቢከፈት የምመዘገበው እኔ ነኝ። እርስዎ ቢያስተምሩኝ ደግሞ ደስታዬ ነው።