ስልኬን ሳወጣ እናቴ ዝም ትላለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የጨነቀኝን ላማክራችሁ ነው።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። የሕይወት ታሪኳን በራሷ ድምፅ ላስቀር ብዬ ከጀመርኩ 3 ወር ሆነኝ። ችግሩ ስልኬ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መቅዳት ስጀምር ጀርባዋን ቀጥ ታደርጋለች። «ተወለድኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ሌላ ምን አለ ልጄ?» ትለኛለች። ሳጠፋው ግን ወሬው ይመጣል።

ባለፈው እሑድ ልብስ እያጠፍን ስለ መጀመሪያ ልጇ አነሳችልኝ። ከእኔ በፊት የሞተ ወንድም እንደነበረኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ይዛ ደጋግማ ትዳብሰው ነበር። ምን እንደምላት ጠፋኝ። እሷም ዝም አለች፤ ወሬው እዚያው ቀረ።

ደብቄ መቅዳት አልፈልግም። እናቴም ብትሆን ያለፈቃዷ አይሆንም። አጠያየቄንም ለወጥ አድርጌያለሁ፤ «መቼ ነበር?» ከምላት «የዚያን ቀን ቤቱ ምን ይመስል ነበር?» ስላት ትንሽ ትፈታለች። ቀረጻው ሲኖር ግን ያው ናት።

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ መቅረጫውን እንዴት አስረሳችኋቸው? የወንድሜንስ ነገር እኔ ላንሳው ወይስ ራሷ እስክትመለስበት ልጠብቅ? እባካችሁ ምከሩኝ።