አቮካ መንደር ለአንድ ቀን ጉዞ ትሆናለች? ወንዙስ ምን ነክቶት ነው?

የደብሊኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ከከተማ ወጣ ብለን አንድ ቀን የአየርላንድን ገጠር እንድታይ እፈልጋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ አቮካ ውሰጃት አለችኝ። ከደብሊን በስተደቡብ ባለው የዊክሎ አውራጃ ውስጥ፣ ሸለቆ መሃል ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ባሊኪስኤንጅል የሚባለው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ የተቀረጸው እዚያ ነው። ፎቶዎቿን ሳይ ልቤ ሄደ። ግን አንዳንዶቹ ፎቶዎች ላይ ወንዙ ዳር ያለው ድንጋይ ብርቱካንማ ነው፤ ከስር ደግሞ ወንዙ ተመርዟል የሚሉ ሰዎች አሉ። መኪና የለኝም። እማዬም ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት አትችልም። ሁሉም የሚሄድበት ግሌንዳሎክ፣ ያ የድሮ ገዳምና ሐይቆች ያሉበት የዊክሎ ሸለቆ፣ ይሻለናል ወይስ አቮካ?

ባለባቡሩ፦
አቮካ ውሰጃቸው እህቴ። ግሌንዳሎክ በሐምሌ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ መቆሚያ የለውም። አቮካ ጸጥ ያለች ናት፤ መንደሯ ውስጥም ብዙ የሚያስኬድ ነገር የለም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ደብሊን ካለው ከኮኖሊ ጣቢያ ወደ ሮስሌር የሚሄደውን ባቡር ትይዛላችሁ። በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ከብሬይ እስከ ግሬይስቶንስ ሐዲዱ ገደሉን ተጠግቶ ስለሚሄድ ባሕሩ ከስራችሁ ይታያል፣ ለእናትሽ ያ ብቻውን ጉዞ ነው። ራዝድረም ላይ ትወርዳላችሁ። ሐዲዱ አቮካንም አቋርጦ ያልፋል፣ ግን የመንደሯ ጣቢያ በ1964 ስለተዘጋ ባቡሩ አይቆምም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከራዝድረም የሚቀረው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታክሲ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል ብለሽ አትሂጂ፣ ከቀኑ በፊት ደውለሽ ያዢ። የገጠሩ ሚኒባስም አለ፤ ምልልሱ ጥቂት ስለሆነ ሰዓቱን በዋዜማው አረጋግጪ።

ታክሲውን መንገድ ላይ "ሚቲንግ ኦፍ ዘ ዋተርስ" ጋ አስቁሙት። አቨንሞርና አቨንቤግ የሚባሉት ሁለት ወንዞች እዚያ ይገጥሙና የአቮካ ወንዝ ይሆናሉ። የደብሊኑ ገጣሚ ቶማስ ሙር በ1807 አካባቢ ግጥም የጻፈለት ቦታ ነው፤ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል። አቨንሞር የግሌንዳሎክን ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ግሌንዳሎክ ባትሄዱም ውሃውን ታዩታላችሁ።

አፈርና ድንጋይ፦
የወንዙን ነገር እኔ ልመልስ፣ ትምህርቴም ሥራዬም ነው።

ብርቱካንማው ነገር በአብዛኛው የብረት ዝገት ነው። ወንዞቹ ከሚገጥሙበት ቦታ እስከ መንደሯ ባለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ፣ ከ1720 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1982 ድረስ እያረፈም እየቀጠለም ማዕድን ይወጣ ነበር። መዳብ፣ እርሳስ፣ ድኝ። በምሥራቅ በኩል ክሮንቤንና ቲግሮኒ፣ በምዕራብ በኩል ባሊመርታ ናቸው። ተራራው ውስጥ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ሞልቷል። መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ቢቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። ሲቆፈር ግን አየርና ውሃ አገኘው። ሦስቱ ሲገናኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ ደግሞ በመንገዱ ያገኘውን ብረት፣ መዳብና ዚንክ እያሟሟ ይወርዳል። ማዕድኑ ከተዘጋ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ውሃው ግን ከድሮዎቹ ዋሻዎች ዛሬም ይፈስሳል። ወንዙ ውስጥ ሲገባ ብረቱ ይረጋና ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። ያየሽው ቀለም እሱ ነው። መዳቡና ዚንኩ ግን በዓይን አይታዩም፤ ዓሣውን የሚጎዱት በዋናነት እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለምን ተቆፈረ ብትዪ፣ ግማሹ መልስ ጣሊያን ነው። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለሳሙናና ለመስታወት የሚሆን ሶዳ የሚባል ኬሚካል ለመሥራት አሲድ ይፈልጉ ነበር፤ ለአሲዱ የሚሆነውን ድኝ ከሲሲሊ ነበር የሚያመጡት። በ1838 የዚያ አገር ንጉሥ ንግዱን ለአንድ የፈረንሳይ ድርጅት ብቻ ሰጠ። ዋጋው ሰማይ ነካ። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ ፓይራይት አዞሩ፣ የአቮካም ተራራ ገበያ ደራለት፤ ማዕድኑ በሐዲድ እየወረደ ከአርክሎ ወደብ በመርከብ ይጫን ጀመር። በኋላ ርካሹ የስፔን ፓይራይት ሲመጣ ያም ገበያ ቀዘቀዘ። እነዚያ ዳገት ላይ ብቻቸውን የቆሙ የድንጋይ ቤቶች፣ ጎናቸው ረጅም ጭስ ማውጫ ያላቸው፣ ከጉድጓዱ ውሃ ለመሳብና ማዕድን ለማውጣት የሚያገለግሉ የእንፋሎት ሞተሮች የነበሩባቸው ናቸው። ከአስፋልቱ ላይ ሆናችሁ ይታያሉ።

ስለዚህ ወንዞቹ የሚገጥሙበት ቦታ ቆማችሁ ውሃውን እዩት፣ ከዚያ መንደሯ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ድጋሚ እዩት። በአንድ ወንዝ ላይ ያንን ልዩነት ያየ ሰው ስለ አቮካ ዋናውን ነገር አየ። ብዙ ጎብኚ የድራማውን ፐብ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፣ በጣም ያሳዝነኛል፤ በዚህ ሸለቆ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሰው መሬት ውስጥ እየገባ ሠርቷል።

ለጤና በኩል፣ ዳር ቆሞ ማየት ምንም አያመጣም። ውሃውን አትጠጡ፣ ብርቱካንማውን ጭቃ አትንኩ። የታጠሩት የማዕድን ቁልሎች ላይ አትውጡ፤ አፈሩ እርሳስና አርሴኒክ አለበት፣ ጉድጓዶቹም አደገኛ ናቸው።

ሰላም ሰፈር፦
አፈርና ድንጋይ፣ እውቀትህን አከብራለሁ፣ ግን እኚህ እናት ለእረፍት ነው የሚመጡት። ልጃቸውን ናፍቀው መጥተው ስለ አርሴኒክ መስማት አለባቸው? ድልድዩ ላይ ቆመው፣ አረንጓዴውን አይተው፣ ሻይ ጠጥተው ቢመለሱስ? ድራማው ከ1996 እስከ 2001 ሲታይ ማዕድኑ የተዘጋባት መንደር እንጀራ አግኝታበታለች። ለሱ የሚሄደውን ሰው አልወቅስም።

አፈርና ድንጋይ፦
@ሰላም ሰፈር ስለ እንጀራው ልክ ነህ፣ እሱን አልቃወምም። ግን እናቶቻችንን አናሳንሳቸው። የእኔ እናት ወንዙን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ማን አበላሸው? ማንስ ያጸዳዋል?" ብላ ነው። ጥያቄው ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ያተረፉት ኩባንያዎች የሉም፣ ወጪው የቀረው ለመንግሥትና ለሕዝቡ ነው።

የሸማኔ ልጅ፦
ማንም ፋብሪካውን አላነሳም! አቮካ ውስጥ ከ1723 ጀምሮ የሚሠራ የሱፍ ሽመና ፋብሪካ አለ፤ በአየርላንድ እስካሁን ከሚሠሩት አንጋፋው እሱ ነው። ገብታችሁ ሸማኔዎቹ ሲሠሩ ማየት ይቻላል። የምታውቂያቸው የአቮካ ሱቆች ሁሉ ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። በ1920ዎቹ ዊን የሚባሉ እህትማማቾች ፋብሪካውን ተረክበው ደማቅ ቀለም አስገቡበት፤ ዛሬ ብርድ ልብሱ የሚታወቅበት ቀለም የመጣው ከእነሱ ነው።

እኔ ከሸማኔ ቤት ነው የወጣሁት። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ሲሸምን ነው ያደግሁት፣ መወርወሪያው ሲመላለስ የሚያሰማውን ድምፅ እዚያ ስሰማ ቶሎ መውጣት አልቻልኩም። እናትሽ ጥለት የሚለዩ ከሆነ ጊዜ ስጫቸው፣ አትቸኩዪ። ፎቁ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ስለ ደረጃው ጠይቂ። ብርድ ልብሱ ውድ ነው፤ አንገት ልብስ ይሻላል፣ ለሻንጣም አይከብድም።

የደብሊኗ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅሁም። ወስኛለሁ፣ አቮካ ነው። ሁለቱንም የወንዙን ቦታ አሳያታለሁ፣ እማዬ ታሪክ ትወዳለች፤ ፋብሪካውን ደግሞ ከሁሉ በፊት። አንድ ነገር ብቻ፦ ጊዜ ከተረፈን ሌላ ቅርብ፣ ዳገት የሌለው ቦታ አለ?

ባለባቡሩ፦
አለ። ስትመለሱ ራዝድረም አጠገብ አቨንዴል ግቡ። የአየርላንድ የፖለቲካ መሪ የነበረው ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል በ1846 የተወለደበት ቤትና ደን ነው። በ2022 የተከፈተ በዛፎቹ መሃል ከፍ ብሎ የሚሄድ የእንጨት መንገድ አለው፤ ቁልቁለትና ዳገቱ ቀስ ያለ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበርም ይሄድበታል። ትኬት በኢንተርኔት ቁረጪ። ከአቮካ ወደ ታች ያለው ዉደንብሪጅም ቅርብ ነው፤ እዚያ አካባቢ በ1795 ወርቅ ተገኝቶ ሰዉ ከየአቅጣጫው ሊያጥብ ጎርፎ ነበር፣ በኋላ መንግሥት ወታደር ልኮ ያዘው። ግን በአንድ ቀን ሁለቱን አትሞክሩ። አቨንዴል ይበቃችኋል፣ የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ብቻ ጠዋት ጽፈሽ ያዢ፤ በዚያ መስመር አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ ቶሎ አይመጣም።