ላፕቶፑ በ11 ቀኑ ጠቆረብኝ፣ ሱቁ ደግሞ «መብራት ነው» ይላል

ጣናዳር (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ። አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ዘመዴ የገዛልኝ ላፕቶፕ ዛሬ ከተገዛ 11 ቀኑ ነው። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፈትኩት። ፋኑ ይዞራል፣ የካፕስ ሎኳ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ድርግም።

ሱቁ ጋ ደወልኩ። አንዷ «ቻርጅ አድርጊው» አለችኝ። ሁለተኛው ከሀ ጀምሮ አስተርኮኝ መስመሩ ተቋረጠ። ሦስተኛው ላፕቶፑን ሳያይ «መብራት ነው ያቃጠለው፣ ዋስትናው አይሸፍንም፣ ለማንኛውም ይዘሽው ነይና ፎርማት ይደረግ» አለኝ። 560 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው! ቴሲሴ (የመመረቂያ ጽሑፌ) ውስጡ ነው፣ ዲፌንሴም (ጽሑፉን ቀርቤ የምከላከልበት ቀን) ደርሷል። ፔዳ ግቢ አካባቢ ያለ ጠጋኝ ልክፈተው እያለ ነው። ላስከፍተው?

ካቻቪቴ፦ እንዳታስከፍች እህቴ! የብሎኗ ስቲከር ከተቀደደች «ነክታችሁታል» ብለው ይገላገሉሻል። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀይና የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዥ፣ ከዚያ ቻርጀሩን መልሰሽ ሰክተሽ ሞክሪ። ካልሆነ ክፍሉን አጨልሚ፣ ባትሪ አብሪና ወደ ስክሪኑ አስጠግተሽ በጎን በኩል አተኩረሽ እይ። እንደ ክረምት የጣና ውሃ ደፍርሶም ቢሆን ጽሑፍ ወይም ምስል ከታየሽ፣ ማሽኑ እየሠራ ነው፤ የጠፋው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ብርሃን ነው። ምንም ካልታየሽ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪ ጋር አገናኝው። ቲቪው ላይም ካልመጣ ነገሩ ማዘርቦርድ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ሊሆን ይችላል።

ጣናዳር፦ ባትሪ ስትለኝ የላፕቶፑን መስሎኝ ልፈታው ነበር! የስልኩን መሆኑ ቆይቶ ገባኝ። አየሁት! ጥግ ላይ ሰዓቷ ጭል ጭል ትላለች።

ፈጣኑ፦ ታዲያ ምን ትጨቃጨቂያለሽ፣ እዚሁ አስቀይሪው። እኔ ስክሪን በግማሽ ቀን አስቀይሬ ዓመት ሙሉ ሠርቼበታለሁ።

ካቻቪቴ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ዋስትናው ያለፈ ነበር። የሷ ገና 11 ቀኑ ነው፤ ለምን ከኪሷ ታውጣ?

ደረሰኝ ያዥ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ፣ ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን እንዲቀበል መጠየቅ ይችላል ይላል። ስለዚህ አራት ቀን አለሽ፤ ስልክ እየጠበቅሽ አታቃጥያት። በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ነው፣ በጽሑፍ አድርጊው። ደረሰኙ በማን ስም ነው?

ጣናዳር፦ በዘመዴ።

ደረሰኝ ያዥ፦ እንግዲያ ገዢው እሱ ነው፣ ያለውም እዚያው ነው፤ እሱው ይሂድ። ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ደረሰኝ ቁጥር የገዛሁት፣ ሲሪያል ቁጥሩ ይህ የሆነ ላፕቶፕ ስክሪኑ አይበራም። በባትሪ ብርሃን ሲታይ ምስሉ አለ። እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ቅጂ ይያዝ፣ አንዱ ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያስፍር። ቪዲዮም ቀርጸሽ ላኪለት። እንቢ ካሉ ይህችን ወረቀት ይዞ ንግድ ቢሮ ይሄዳል።

ፔዳ በር፦ ከመላክሽ በፊት ላፕቶፑን ቲቪ ላይ ሰክተሽ ፋይልሽን አውጪ። ቲቪው ላይ ካልመጣልሽ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘሽ የፒን (P) ፊደል እየደጋገምሽ ተጫኝ። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ 48 አኃዝ ያላትን የመክፈቻ ቁጥር ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ ገልብጠሽ ያዥ። ማዘርቦርድ ከተቀየረ ወይም ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ ከገባ ይጠይቅሻል። የኔ ወንድም ቁጥሯን አጥቶ የሦስት ዓመት ፎቶ ቀርቶበታል።

ጣናዳር፦ ኧረ ተባረኩ! አከራዬን እትዬን ድራማቸውን አስቋርጬ ቲቪያቸው ላይ ሰካሁት። በሦስተኛው ፒ ቴሲሴ ወጣ! ምዕራፍ 4ን እሳቸውም አብረውኝ አነበቡ፤ «ይሄ ሁሉ ስለ እምቦጭ ነው?» አሉኝ።

ጣናዳር (በማግስቱ)፦ ዘመዴ ወረቀቱን አስፈርሟል። ያ «መብራት ነው» ያለኝ ልጅ ቪዲዮውን ሲያይ ዝም ብሎ ቆየና «ትላከው፣ እንቀይራለን» አለ አሉ። ነገ በሚሄድ ሰው እልከዋለሁ። ፋይሉን ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጬ ከአካውንቶቼ ሁሉ ወጥቻለሁ። እትዬም ቲቪያቸው ተመልሶላቸዋል።