«ኒሉ ለቆብሃል» ማለት ምን ማለት ነው?

የጀጎል ልጅ፦
ሰላም ቃል ወዳጆች። ባለፈው አዲሱን ጅንሴን ከእናቴ ነጠላ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ፣ ቤት ውስጥ በቂ ተሰድቤያለሁ። ነጠላው ሰማይ መስሎ ወጣ። ጥለቱን እንኳ ቆርጠው ሌላ ላይ ይሰፉልኝ እንደሆነ ብዬ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር መኪና ግርግር ወሰድኩት። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጨርቁን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና «ኒሉ ለቆብሃል» አሉኝ። እኔ የማውቀው ኒል ወንዙን ነው። አባይና ጅንሴን ምን አገናኛቸው? አፍሬ ሳልጠይቃቸው ወጣሁ።

ከዚራ፦
ወሪያ፣ መጀመሪያ ለእናትህ ነጠላ ግዛ።

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ኒል የጅንስህ ሰማያዊ ቀለም ነው፣ እሱ ለቀቀብህ ማለታቸው ነው። በአረብኛ ወንዙም ቀለሙም «ኒል» ናቸው፣ አጻጻፋቸውም አንድ ነው፤ ዘመድ ግን አይደሉም። የወንዙ ስም ከግሪኩ «ኔይሎስ» ነው የመጣው። የቀለሙ ከጥንቱ የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት «ኒላ» ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ ማለት ነው፣ በፋርስ በኩል አልፎ አረብኛ ገባ። ቁርዓን ቤት የተማረ ሰው ደግሞ «አል» ከ«ኑን» (ከ«ን» ፊደል) ፊት ሲመጣ «ላም» የሚባለው የ«ል» ፊደል እንደሚዋጥ ያውቃል፤ «አል ኒል» አይባልም፣ «አንኒል» ነው። ስፔኖችና ፖርቹጋሎች እንደሰሙት «አኒል» ብለው ወሰዱት፣ ከእነሱ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ዛሬ እንግሊዝ አገር «አኒል» ብትል የሚገባው ሰው ብዙ አታገኝም። ቦታውን የወሰደው «ኢንዲጎ» ነው፣ እሱም ሲፈታ «የህንድ» ማለት ብቻ ነው።

ተክሉ የአተርና የባቄላ ወገን ነው፣ የእኛም አገር ውስጥ ዘመዶቹ በዱር ይበቅላሉ። ለእኔ የሚገርመው ቅጠሉ ተራ አረንጓዴ መሆኑ ነው፤ ብታሸው ሰማያዊ የሚባል ነገር አታይበትም። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይብላላል፣ ከዚያ ውሃው እየተመታ አየር ሲያገኝ ሰማያዊው ከታች ይዘቅጣል። ዝቃጩ ደርቆ ይሸጣል። ቀለሙ በውሃ ስለማይሟሟ ለማቅለም ሲፈለግ እንደገና ይብላላል። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፣ ከዚያ ዓይንህ እያየ ይሰማያዋል (ቃሉን አሁን ፈጠርኩት፣ ይቅር በሉኝ)። ቀለሙ ክሩ ላይ ላዩን ነው የሚቀመጠው፣ ውስጡ አይዘልቅም። ጅንስ ጉልበቱ ላይ የሚነጣው ለዚህ ነው። የእናትህ ነጠላም ጉድ የሆነው ለዚሁ።

ደቻቱ ማዶ፦
ከዚራ አንድ ነገር ዘለልክ። አውሮፓ ውስጥ ያው ቀለም ከሌላ ተክል ይወጣ ነበር፣ እሱ ደግሞ የጎመን ዘመድ ነው። የህንዱ ሲመጣባቸው ገበሬዎቹ ገበያ አጡ፣ ጀርመን አገር «የሰይጣን ቀለም» ብለው በሕግ አስከለከሉት። አልቻሉም እንጂ።

ደግሞ «አኒል» ሞተ አትበሉ፣ ልጅ አለው። በ1841 እ.ኤ.አ. ፍሪትሸ የሚባል ኬሚስት ከኢንዲጎ ያወጣውን ፈሳሽ «አኒሊን» አለው። ከ1897 ጀምሮ ባስፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ የፋብሪካ ኢንዲጎ መሸጥ ሲጀምር የህንድ እርሻ እየከሰመ ሄደ። ዛሬ የጅንስ ቀለም በብዛት የሚሠራው ከራሱ ከአኒሊን ነው። ልጁ አባቱን ወለደ በሉት።

የእኛ «ሰማያዊ» ግን ከተክል አልመጣም። በግዕዝ የሰማይ የሆነ ማለት ነው፣ «ንጉሥ ሰማያዊ» ሲባል ንጉሡ ቀለም ተቀብቶ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የቀለም ስም ሆኖ ያለው «ያክንት» ይሻላል የምትሉ ካላችሁ፣ ራእይ ላይ የድንጋይ ስም ሆኖም ይመጣል፣ ስለዚህ እሱም ለተክሉ አይሆንም። እኔ በአማርኛም ቀለሙንም ተክሉንም «ኒል» ብለን ብንይዘው እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ ባለሙያም እየተናገረበት ነው።

ከዚራ፦
እስማማለሁ አቦ። ብቻ ግብፆች ፊት ተጠንቀቁ፣ እነሱ ጋ «ኒላ» እርግማንም ነው። ድሮ ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ፊታቸውንና ልብሳቸውን በኒል ይቀቡ ስለነበር «ኒላ ይምጣብህ» ማለት ሐዘን ይግባህ እንደማለት ነው።

የጀጎል ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ዛሬ ሽማግሌው ጋ ተመልሼ ጠየቅኳቸው። ድሮ ከየመን የሚመጣ የኒል ጨርቅ ነበር፣ ሲለብሱት አንገት ላይ ይለቅ ነበር፣ መልቀቁ ደግሞ ንጹሕ ኒል ለመሆኑ ምልክት ነበር አሉኝ። ጅንሴም ደህና ዕቃ ነው ማለት ነው ብዬ ልጽናና ስል «ያንተስ ፋብሪካው በደንብ ስላላጠበው ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ጥለቱ ተርፏል። ነጠላው የመስኮት መጋረጃ ሆኗል። እናቴ ያን ቀን ያለችኝም ከግብፆቹ ብዙ አይርቅም።