የአትክልት ቦታችን ግንብ ላይ ያሉት ሥዕሎች ይቆዩ ወይስ ይቀቡ? የሐዋሳ ሰፈር ክርክር

ከአትክልት ቦታው አባላት አንዷ (መነሻ)

ሰላም ጎረቤቶች። ጉዳዩን ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። ከታቦር ተራራ ብዙም ሳይርቅ ያለውን የጋራ አትክልት ቦታችንን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ድሮ ቆሻሻ የሚደፋበት ባዶ መሬት ነበር። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አጸዳው፣ መደብ አወጣ፣ ፍግ አስገባበት። ዛሬ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያና ቲማቲም ይበቅልበታል። ጥጉ ላይ እንሰትና ሙዝ አለ።

በጀርባ በኩል የአንድ መጋዘን ረጅም ግንብ አለ። ለዓመታት የዱባና የፓሽን ፍሩት ሐረግ ሸፍኖት ነው የኖረው። ክረምቱ ሲወጣ ሐረጉን ቆርጠን ስናነሳ ከኋላው ሥዕል ወጣ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ግንቡ ከዳር እስከ ዳር ተስሏል። አባ ኮዳ የሚባለው አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጠግናል። አንዲት እናት እንሰት ትፍቃለች። ከኮምፖስት ጉድጓዱ ጀርባ ደግሞ ውስጥ ድረስ ካልገቡ የማይታይ የአንዲት ሴት ፊት አለ።

አሁን ከመንገድ የሚታይ ግንብ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ ተብሏል። የመጋዘኑ ባለቤትም አስቀባዋለሁ ብሏል። ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ከዚያ በፊት ሐሳባችሁን እዚህ ጻፉ። የእኔን ልናገር፦ ሥዕሎቹ መቆየት አለባቸው። የሰፈራችንን ሰው በሰፈራችን ግንብ ላይ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በግራጫ ቀለም ለመሸፈን የሚያበቃ ምክንያት እስካሁን አልሰማሁም።

ባለ ሱቁ

እኔ ይቀባ ባይ ነኝ። ሰው ሐዋሳ የሚመጣው ሐይቁን፣ ዛፉን፣ ሰፋ ያለና ንጹሕ መንገዷን ብሎ ነው። ግንብ ላይ መሳል ከተፈቀደ ነገ ሁሉም በየአጥሩ የፈለገውን ይጽፋል። አሁንም እኮ የሱቄን ጎን የደላላ ስልክ ቁጥር፣ የአስጠኚ ማስታወቂያና የኳስ ክለብ ስም ሞልቶታል። በራሴ ገንዘብ የማስቀባው እኔ ነኝ።

ሥዕሉ ያምራል አያምርም አላልኩም። ማን ፈቀደ ነው የምለው። የሰው ንብረት ነው።

የሥዕል አስተማሪ

ወንድሜ፣ ብሶትህ ይገባኛል። ግን የደላላ ቁጥርና ይህን ሥዕል አንድ ላይ አትደምራቸው። ግንብ ላይ መሳል ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አይረሳም። ጣና ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ መቅደሱ ዙሪያውን ተስሏል። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ይህ አገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ የግድግዳ ሥዕል ነበረው። ሰው ሥዕልን የሚያውቀው ከግድግዳ ነው።

አንዱ ግንብ ከተፈቀደ ሁሉም ይበላሻል ላልከው ደግሞ ተቃራኒውን የሚያሳይ ከተማ አለ። አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. አስተዳደሩ ግንብ ላይ መጻፍን ለማስቆም ዘመቻ ጀመረ። ጄን ጎልደን የምትባል ሠዓሊ ተቀጠረችና ለወጣቶቹ ግንብና ቀለም ሰጥታ አብራቸው መሳል ጀመረች። ዛሬ በዚያች ከተማ የተሠሩት የግድግዳ ሥዕሎች በሺዎች ይቆጠራሉ። የጀመረው እኮ ልክ አንተ ከምታነሳው ችግር ነው።

የግብርና ባለሙያ

ሥዕሉን ወድጄዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቀለሙ ነው፣ እስካሁን ማንም ስላላነሳው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አንዳንድ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ። ያ የምንጽፍበት እርሳስ ሳይሆን ብረቱ ማለቴ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታለች። ከደንቡ በፊት የተገዛ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ቀለም ግን ምን እንደያዘ ሳይመረመር አይታወቅም። እርሳስ አይበሰብስም። ቀለሙ ሲላላጥ አፈር ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠሎች ላይ አቧራው ያርፋል። ካሮትም አፈሩን ይዞ ይወጣል። ቲማቲምና ቃሪያ ከእነዚህ የተሻሉ ናቸው፣ ፍሬያቸው ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት አፈር የነካ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ የሚከቱት ሕፃናት ናቸው።

አሁን ይቀባ የምትሉ ልብ በሉ። ቀለም ቀቢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው አሮጌውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፈቅፈቅ ነው። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ደረቁን ከተፈቀፈቀ ብናኙ በሙሉ መደባችን ላይ ይወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝም ይሁን በቦይ የገባበት ነገር ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ይቆይም ይቀባም ብትሉ ግንቡን ማንም እንዳይፈቀፍቅ። ከሥሩ ያሉት የቆስጣ መደቦች ወደ መሀል ይምጡ። በቦታቸው አበባ ይተከል። ሐረግም ዳግም ግንቡ ላይ አይልቀቁበት፣ እርጥበት ይዞ ልስኑን ያነሳዋል።

መደብ ያላት እናት

ባለሙያው የተናገሩትን ቅዳሜ ለሁሉም ይንገሩልን። እኔ የመጣሁት በሌላ ነው። ሥዕሉ ከተገኘ ጀምሮ ሰው ለፎቶ ይጎርፋል። ይምጣ፣ አልጠላሁም። ግን የጎመን ችግኜ ላይ ቆመው ነው የሚነሱት። አንዷ ልጅ ጭራሽ መደቡን ረግጣ ልብስ ስትቀይር አገኘኋት። ሥዕሉ ይቆይ ለሚል ሁሉ ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ እኔ የዘራሁትን ማን ይጠብቅልኛል? መተላለፊያ ይሠራ፣ ገመድ ይታሰር፣ ሰዓት ይወሰን። ይህ ካልሆነ እኔም ይቀባ ከሚሉት ጋር ነኝ።

አንድ አባት

ልጄ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። ሲዳማ ነን፣ ግን እንሰት ሲፋቅ አይታ አታውቅም። ግንቡ ላይ ያለችውን እናት አይታ ምን እያደረገች ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጥጉ ላይ ወዳለው እንሰት ወስጄ አሳየኋት። ቤት ስንገባ አያቷ ዘንድ ደውላ ወሳ፣ ያ የእንሰት ምግባችን፣ እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ አስነገረቻት። ይቆይ።

የባህል ነገር የሚገደው

ይቆይ እላለሁ፣ ግን ይጨመርበት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ግንቡ ላይ ግን የሲዳማ ሽማግሌዎች የሉም። በመንገድ በኩል ባዶ ቦታ አለ።

ግንቡ ላይ ፊቷ የተሳለው የሴትዮዋ ልጅ

ከኮምፖስቱ ጀርባ ያለው ፊት የእናቴ ነው። በሩ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው እናቴ ናት። ብዙዎቻችሁ ከእሷ ትገዛላችሁ።

ሥዕሉን ወስጄ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ "ነጠላዬን አሳምረው ስለውታል" አለችኝ። አልከፋትም። ግን ማንም አልጠየቃትም። አሁን ደግሞ እንግዶች ሥዕሉን ያነሱና ዞር ብለው እሷንም ያነሷታል። ሥራ ላይ ናት፣ ፊቷን ሸፍና መሸጥ አትችልም።

ስለ አሞራውና ስለ ዓሣ አጥማጁ ተከራከሩ። ስለ እናቴ ፊት ግን የምትወስነው እሷ ናት። ይቆይ ካለች ይቆያል፣ ይጥፋ ካለች ይጠፋል። ስብሰባ ላይ እጅ እየወጣ የሚወሰን ፊት የላትም።

ከሳሉት አንዱ

ስሜን አልጽፍም፣ ግን ጥያቄ ስለበዛ ልመልስ። የሳልነው አትክልቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ያኔ ማታ ማታ ሰው በማዳበሪያ ቆሻሻ ይዞ እየመጣ ይደፋ ነበር። ዝናብ ሲጥል ቦዩን ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። "ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው" የሚል ተጽፎ ነበር፣ ደንታ የሰጠው አልነበረም። ሰው ፊት ለፊት ቆሻሻ መድፋት ግን ይከብዳል ብለን አሰብን። በሩ ጋ የሚሸጡትን እማማን የሳልናቸው ለዚህ ነው። በየጠዋቱ ያንን ቦታ በራሳቸው መጥረጊያ የሚጠርጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሥዕሉ ከተሠራ በኋላ የሚደፋው ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ አልቆመም፣ ግን ቀነሰ። ከዚያ እናንተ መጣችሁና መሬቱን አለማችሁት። ደስ ብሎን ዝም አልን።

እማማን ቅዳሜ ራሴ መጥቼ አነጋግራቸዋለሁ። የሚሉትን አደርጋለሁ።

ስለ ቀለሙ፦ አብዛኛው የውሃ ቀለም ነው። የአሞራው ኮዳ ቀዩና የመረቡ ቢጫ ግን ጋራዥ የተረፈ የዘይት ቀለም ነው።

የግብርና ባለሙያ

ስለነገርከን አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። እርሳስ በብዛት የሚገኘው በቢጫና በቀይ የዘይት ቀለም ላይ ነው። እንግዲያው ከአሞራውና ከመረቡ ሥር ያለው መደብ እስከ ቅዳሜ አይጠበቅ፣ ነገውኑ ይነሳ። ቀለሙ ገና አልተላላጠም። ከላዩ ግልጽ ቫርኒሽ ቢቀባ ለጊዜው ይይዘዋል።

ሕግ ያጠና ጎረቤት

ባለ ሱቁ ማን ፈቀደ ላለው፣ ጥያቄው ትክክል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊ ሥራው እንዳይጣመምበት የመቃወም መብት ይሰጠዋል። ግን ሳይፈቀድለት የሳለ ሰው ባለቤቱን ግንብህን አትንካ ማለት ይከብደዋል። ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ፋይቭ ፖይንዝ የሚባል በሥዕል የተሸፈነ ሕንፃ ነበር። ባለቤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት በነጭ ቀለም አስሸፈነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ለ21 ሠዓሊዎች 6.7 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። እዚያ ግን ሠዓሊዎቹ ለዓመታት በባለቤቱ ፈቃድ ነበር የሳሉት። እኛ ያንን ፈቃድ ከመጋዘኑ ባለቤት አሁን በጽሑፍ መጠየቅ እንችላለን።

እኔ ግን ክርክሩ ግንቡ ላይ ብቻ መቆሙ ያሳስበኛል። በ1999 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ አስተዳደር 114 የጋራ አትክልት ቦታዎችን ለጨረታ ሊያወጣ ነበር። ሰዎቹ ቆሻሻ አንስተው ያለሙት መሬት ነው፣ እጃቸው ላይ የነበረው ግን ጊዜያዊ ፈቃድ ብቻ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ሁለት ድርጅቶች ገዝተው አዳኗቸው፣ አንዱ ቤት ሚድለር የምትባል ተዋናይት ያቋቋመችው ነው። እኛ ገዝቶ ማዳን የሚባል ነገር የለንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ያለን መንገድ የመጠቀሚያ ውል ነው፣ እሱም የለንም። መንግሥት ራሱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት ጓሮ አልሙ እያለ ነው። ታዲያ ያለማነውን በስማችን ያጽናልን። ግንቡ ተቀባ አልተቀባ፣ አንድ ቀን ግሬደር ከመጣ ሁለቱም የሉም።

ከአትክልት ቦታው አባላት አንዷ

ለቅዳሜ የማቀርበው ይኸው ነው። በመንገድ በኩል ያለው አጭሩ ግንብ በተባለው ቀለም ይቀባ። ውስጥ ያለው የጀርባው ግንብ ከመንገድ ብዙም አይታይምና ሥዕሎቹ ይቆዩ፣ ለዚህም ባለቤቱ በጽሑፍ ይስማማ። የእማማን ፊት በተመለከተ የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው፣ ድምፅ አይሰጥበትም። ለጎብኚ ጠባብ መተላለፊያ ይሠራ፣ ከዚያ ያለፈ እግር መደብ ላይ አይረፍ። የመሬቱን ውል የሚጠይቅ ደብዳቤም በዕለቱ ይፈረም። እኔ ለሥዕሎቹ ያለኝ አቋም አልተለወጠም። የሰፈሩን ሰው ፊት ከአትክልቱ መሀል ማየት ለልጆቻችን ከንጹሕ ግራጫ ግንብ ይበልጣል።

ባለ ሱቁ

በሥዕሉ አልተስማማሁም፣ ቅዳሜም እቃወማለሁ። የመንገዱ በኩል ከተቀባ ግን ድምፄ ይቀንሳል። የመሬቱ ደብዳቤ ላይ እፈርማለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰም፦ የመጋዘኑ ባለቤት አልፈርምም ቢልስ?

ሕግ ያጠና ጎረቤት

አልፈርምም ካለ መብቱ ነው፣ ይቀባል። ያኔ እንዳይፈቀፈቅ ብቻ እንለምነዋለን፣ በላዩ ላይ ይቀባ። ዛሬ ማታ ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ሄደን እናነጋግረዋለን። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ከመግሪብ በኋላ በሩ ጋ ይጠብቀን። አንተም ና፣ ጎረቤቱ ስለሆንክ ይሰማሃል።